ጠዋት ስኳሬ 114 ሆነ፤ ጤፍ ላቁም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ መዋል ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ የተለካው ስኳሬ 114 ሆነ። ሥጋ የምበላው ከስንት አንዴ ነው፤ አጽዋማቱንም አንድ ሳላስቀር እጾማለሁ። ሻይ በቀን አራት ብርጭቆ፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ። እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። ሰዎች ጤፍ አቁም ይሉኛል። ላቁም?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጤፍ ማቆም አያስፈልግዎትም። መስተካከል ያለበት የእንጀራውና የወጡ መጠን፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሻይዎ ነው።

ቢያንስ ለ8 ሰዓት ሳይበሉ ሲለካ ከ100 በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። እርስዎ መሀል ላይ ነዎት፤ ከዚህ ደግሞ መመለስ ይቻላል። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ምርመራም ይሠሩ፤ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ ያው ቅድመ ስኳር ነው።

«ማታ ሳልበላ አድሬ ጠዋት ለምን ከፍ አለ?» ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ሌሊት ስኳር ወደ ደም የሚለቀው ጉበት ነው፤ ይበቃል የሚለው ደግሞ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ሆድ ውስጥና ጉበት ላይ ስብ ሲጠራቀም ጉበት ለኢንሱሊን መታዘዝ ይተዋል። ስለዚህ ሜትር ይዘው፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ በእምብርትዎ ትይዩ ወገብዎን ይለኩ። ከቁመትዎ ግማሽ፣ ማለትም ከ85 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መቀነስ ያለበት የሆድ ስብ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሻይዎ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። 12 ማንኪያ 48 ግራም ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢሆን ይመረጣል ከሚለው 25 ግራም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በአንዴ መተው ከከበደዎት ለሁለት ሳምንት ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ባዶውን ያድርጉት፤ ምላስ ይለምዳል። በማር መተካት አያዋጣም፣ ማርም ስኳር ነው። ጁስ ቤት የሚጠጡት ስፕሪስም ቢሆን የብዙ ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ፍሬውን አንድ አንድ አድርገው ይብሉት።

ጾሙ ራሱ አልጎዳዎትም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የጾሙ ሰዓት ሲያበቃ የሚቀርበው ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የራበው ሰው ሁለት እንጀራ በቀጭን ሽሮ ይበላል። ሽምብራና አተር ግሩም ምግብ ናቸው፤ ሽሮው ሲቀጥን ግን ለእንጀራው ማጥቀሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፍርፍር በእንጀራ ከሆነማ እንጀራ በእንጀራ ነው። በያይነቱ ላይ ሩዝና ድንች ሲጨመርም ያው ሆድ ውስጥ ስኳር የሚሆነው ስታርች ነው የተደራረበው። እንጀራው ሩዝ ወይም ፉርኖ ዱቄት የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ አሰሩ (ፋይበሩ) ስለሚቀንስ ስኳሩ ቶሎ ይወጣል፤ የሚገዙ ከሆነ ይጠይቁ።

ከትሪ ሲበሉ ስንት እንደበሉ አይታወቅምና ለጥቂት ወራት በራስዎ ሳህን ይብሉ። የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሁን። ሩቡ ወፈር ያለ ምስር፣ አተር ወይም ሽሮ፤ በፍስክ እንቁላል ወይም ዓሣ። የቀረው ሩብ እንጀራ ነው፣ ከግማሽ እንጀራ አይበልጥም። ከጎመኑና ከምስሩ ይጀምሩ፤ እንጀራው ኋላ ሲገባ ስኳሩ ዝግ ብሎ ይወጣል።

ዘይት ከጀሪካን አይንቆርቆር። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ይበቃል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል።

ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ይራመዱ፤ በሳምንት ድምሩ 150 ደቂቃ ይሙላ። በአሜሪካ እንደ እርስዎ ያሉ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2002 የወጣ ጥናት አለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። ለእርስዎ 7 በመቶው 6 ኪሎ ገደማ ነው። በስድስት ወር ይደረስበታል።

ከሦስት ወር በኋላ ስኳሩን ይድገሙ፤ የደም ግፊትና የደም ቅባትም አብረው ይታዩ። በመሀሉ ውኃ ጥም ከበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ከተመላለሱ ወይም ሳያስቡት ከከሱ ሦስት ወር አይጠብቁ።

የእናትዎን ኪኒን ደግሞ በፍጹም እንዳይሞክሩ። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለውን ወስደው ሳይበሉ ከዋሉ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ሊስቱ ይችላሉ። እናትዎም እንዲህ ያለ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ የሚጾሙ ከሆነ፣ ከሚቀጥለው ጾም በፊት የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዲስተካከል ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸው።