ለሁለት ሕፃናትና ለአንዲት አያት የሚሆን መኪና፦ ምርጫው ከኋላ ወንበር ይጀምር

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። የ3 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ወር ሴት ሕፃን እንዳለዎት፣ እናትዎ አብረዋችሁ እንደሚኖሩ፣ አሮጌዋን ቪትዝ ሸጣችሁ ገንዘብ በመጨመር ሌላ መኪና ልትገዙ እንዳሰባችሁ ጽፈዋል። ባለቤትዎ ያገለገለ ባለ ሰባት ወንበር የቤንዚን መኪና ይሻላል ሲሉ እርስዎ ደግሞ አምስት ሰው ወደሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና እንዳዘነበሉ፣ የምትኖሩትም በኪራይ ቤት መሆኑን ገልጸዋል። እስካሁን የተሰጡዎት መልሶች በአብዛኛው ስለ ነዳጅ ፍጆታ፣ ስለ መለዋወጫና መኪናው ተመልሶ ሲሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ ናቸው። ሁሉም ተገቢ ናቸው። እኔ ሦስት ልጆቼን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በመጀመሪያ በቪትዝ፣ ቀጥሎ በባለ ሰባት ወንበር የቤንዚን መኪና፣ አሁን ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና እያመላለስኩ ያሳደግኩ አባት ነኝ። ከዚህ ልምድ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ምርጫው ከኋላ ወንበር መጀመር እንዳለበት ነው። እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ጎማ ያያል፤ የኋላውን በር ከፍቶ ልጆቹ የሚቀመጡበትን ቦታ በእጁ የሚፈትሽ ግን እምብዛም አላየሁም።

በቅድሚያ የሕፃኗን ነገር ላንሳ። ሕፃን ታቅፎ ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ በከተማችን ዛሬም የተለመደ ነው፤ ብዙዎቻችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ ሲቆም፣ 10 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከአንድ ኩንታል በላይ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ትወረወራለች፤ የቱንም ያህል የሚወዳት ሰው ቢያቅፋት ይህን ሊይዝ የሚችል ክንድ የለውም። ስለዚህ ለ7 ወሯ ሕፃን የሚያስፈልጋት ፊቷን ወደ መኪናው የኋላ መስታወት አዙራ የምትቀመጥበት የሕፃን ወንበር ነው። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ከሌላው አካል አንጻር ከባድ ነው፤ የአንገት አጥንትና ጅማትም ገና አልጠነከረም። ፊቷ ወደ ኋላ ሲሆን የግጭቱን ኃይል ጀርባዋና ጭንቅላቷ በአንድነት በወንበሩ ላይ ያሳርፉታል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ሕፃናት ቢያንስ እስከ 15 ወር ድረስ በዚህ አኳኋን እንዲቀመጡ ያዛል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ልጁ ለወንበሩ የተፈቀደውን የክብደትና የቁመት ልክ እስኪጨርስ ድረስ እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ወንበር የሚሠራ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋ የአየር ከረጢት) ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ መታሰር የለበትም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀጥታ የሚመታው ሕፃኗ ጭንቅላቷን ያስደገፈችበትን የወንበሩን ጀርባ ነውና።

ይህን በዝርዝር ያነሳሁት የመኪናውን ስፋት የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። ወደ ኋላ የሚዞር ወንበር ከጎን ስፋቱ ይልቅ ወደ ፊት ብዙ ቦታ ይወስዳል። በቪትዝ ውስጥ ይህን ወንበር ከኋላ ሲያስሩት ከፊት ለፊቱ ያለውን መቀመጫ ወደ ዳሽቦርዱ ማስጠጋት ግድ ይሆናል፤ ረዘም ያለ ሰው ከተቀመጠበትም ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል። እናትዎ ፊት የሚቀመጡ ከሆነ ይህ ለእሳቸው በየቀኑ የሚደጋገም ድካም ነው። ስለዚህ መኪና ልታዩ ስትሄዱ የሕፃኗን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁም መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ግዙት። ሻጩ ቢገረም ይገረም፣ ወንበሩን እዚያው አስራችሁ እናትዎን ፊት አስቀምጣችሁ እዩ።

ወንበሩ የሚታሰረው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ በመኪናው ቀበቶ ወይም አይሶፊክስ በሚባለው ማያያዣ። ሁለተኛው መኖሩን ለማወቅ በኋላ መቀመጫው መደገፊያና መቀመጫ መካከል ባለው ስንጥቅ ጣትዎን አስገብተው ይዳስሱ። ካለ፣ በእያንዳንዱ የዳር መቀመጫ 28 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ከመኪናው አካል ጋር የተበየዱ ሁለት ቀለበት መሰል ብረቶች እጅዎ ላይ ይመጣሉ። የወንበሩ ሁለት እግሮች እዚህ ላይ ቀጭ ብለው ይቆለፋሉ፤ በዚህም በቀበቶ ስናስር በተደጋጋሚ የሚደርሰው የመላላት ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ፊት ለሚመለከተው ለ3 ዓመቱ ልጅ ደግሞ በመደገፊያው ጀርባ ወይም በፖርታባጋሊው ወለል ላይ የላይኛው ማሰሪያ የሚያያዝበት ሦስተኛ መንጠቆ መኖሩን ይመልከቱ። አይሶፊክስ የሌለው መኪና አይገዛም ማለቴ አይደለም፤ በቀበቶ በትክክል የታሰረ ወንበርም ልጅን ያድናል። ነገር ግን ወንበሩ ከታሰረ በኋላ በእጅ ሲነቀነቅ ወደ ጎንም ሆነ ወደ ፊት ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም ማለት ነው፤ ይህንን ደግሞ ሕፃኗን ባስቀመጣችሁ ቁጥር ልትፈትሹት ይገባል።

አሁን ወደ አምስትና ሰባት ወንበር ክርክራችሁ ልምጣ። የቤተሰባችሁ ቁጥር አምስት ነው፤ አንዳችሁ ስትነዱ አንዱ አዋቂ ፊት ይቀመጣል፣ ሌላው በሁለቱ የልጆች ወንበሮች መካከል መግባት አለበት። አንድ የልጅ ወንበር 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሁለቱ 88 ይሆናሉ። የኋላ መቀመጫው 125 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ትንሽ መኪና ውስጥ ለመካከለኛው ሰው የሚተርፈው 37 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለአዋቂ አይበቃም። 140 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰፊ መኪና ግን 52 ይተርፋል፤ አንዲት እናት በመካከል ተቀምጣ ለሕፃኗ ጡጦ ለመስጠት የሚያስችላት ቦታ ነው። ሜትር ይዞ መሄድ ማንንም አያሳፍርም። የመካከለኛው መቀመጫ ቀበቶም ይታይ፤ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው፣ ትከሻን የሚይዘው ግን እጅግ የተሻለ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመካከል ከፍ ያለ የወለል ጉብታ ስለሌላቸው እዚያ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ መቻሉ ለእናንተ ጥሩ ነገር ነው።

ሰባት ወንበር አላቸው የሚባሉት መኪናዎች በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም። እኛ ዘንድ በብዛት ያሉት ትናንሾቹ፣ ማለትም እንደ ሱዙኪ ኤርቲጋና ቶዮታ አቫንዛ ያሉት፣ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከጀርባው የሚቀረው ቦታ ትንሽ ነው፤ የሕፃን ጋሪ ከገባ የገበያ ዕቃ አይገባም። በዚያ ረድፍ የተቀመጠ ልጅም ጭንቅላቱ ለኋላው በር መስታወት ቅርብ ነው፤ የልጆቼ ቦታ እዚያ እንዲሆን አልፈቅድም ነበር። በእኛ ቤት ሦስተኛው ረድፍ ያገለገለው እንግዳ ሲመጣና በበዓል ቀን ነው፤ በቀረው ጊዜ ታጥፎ ጤፍና ውኃ ጫንንበት። ሦስተኛ ልጅ በቅርቡ የምታስቡ ከሆነ ወይም ሞግዚቷ ዘወትር አብራችሁ የምትጓዝ ከሆነ የባለቤትዎ ሐሳብ ትክክል ነው። ካልሆነ ግን ጠባብ ባለ ሰባት ከመግዛት ሰፊ ባለ አምስት መግዛት ይበልጣል።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የኤርባጉንና የቀበቶውን ነገር መካኒክ ላይ ብቻ አትተዉት። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ስትከፍቱት በዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ከነጭራሹ ካልበራ ደግሞ የበለጠ መጠርጠር ይገባል፤ መኪናው ተጋጭቶ ኤርባጉ ከፈነዳ በኋላ አዲስ ሳይገጠምለት መብራቱ ብቻ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን የኋላ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ጠርዙ መላጥ አለመላጡን እዩ፤ በድንገት ስትጎትቱትም መቆለፍ አለበት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ አለመሆኑንም ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። የደህንነት ኮከብ ሲጠቀስላችሁም የትኛው ዓመት ስሪት እንደተፈተነ ጠይቁ። ለምሳሌ ሱዙኪ ዲዛየር ግሎባል ኤንካፕ የተባለው ድርጅት መኪናዎችን እያጋጨ በሚያደርገው ፈተና በ2024 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ተሳፋሪዎች ጥበቃ አምስት ኮከብ ያገኘው በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ ስሪት ነው፤ ይህ ውጤት በከተማችን ለሚዞሩት ለቀደሙት ዲዛየሮች አያገለግልም።

ስለ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ግብር ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተገለጸ። በዚህ ምክንያት ገበያ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና በየዓመቱ እያረጀ ዋጋው ግን እምብዛም አይወርድም። ለከተማ ውስጥ ምልልስ ኤሌክትሪኩ ይበቃል። ከተራ የ220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፒር የሚሞላ መኪና በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ያህል ቢሞላ 22 ኪሎዋት ሰዓት ገባ ማለት ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ለሚወስድ መኪና ይህ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ትምህርት ቤት፣ ሥራና ገበያ ተደምሮም ከዚያ በታች ነው። የነዳጅ ወረፋ ላይ ሕፃን እያለቀሰች ከመቆም መገላገል ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

እውነተኛው ጥያቄ ያለው ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ቆጣሪው ከአከራያችሁ ወይም ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ከሆነ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥታችሁ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ማቆሚያ ያለው ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፒር መሸከም መቻሉንና የመሬት ሽቦ (ኤርዝ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) መኖሩን አስፈትሹ፤ ብዙዎቹ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ ከሌለ ስህተት አሳይተው አይሞሉም። ከቻይና የሚገቡት መኪናዎች የራሳቸው የቻይና ዓይነት መሰኪያ ስላላቸው በምትሄዱበት አቅጣጫ ያለው ፈጣን ቻርጀር ለእሱ የሚሆን መሆኑን ማወቅም ያስፈልጋል። ወደ ክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,700 ሜትር አካባቢ ሲሆን የአዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል፤ ስለዚህ መኪናው ሲመለስ አቀበት ስለሚወጣ ባትሪው ከሄደበት ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። ሕፃናት ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ በቅድሚያ የሚታሰብ ነገር ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ስኮርታ ጎማ እንደሌላቸውም አስተውሉ፤ ለብቻው ገዝታችሁ መያዝ ይኖርባችኋል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምላችሁ ነገር የኋላ ካሜራ ነው። መሮጥ የጀመረ የ3 ዓመት ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ ሲወጣ በስፖኪዮ የማይታይ ሰፊ ቦታ ይኖራል፤ ልጁ ቆሞ እንኳ ቁመቱ ከኋላው መስታወት በታች ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ድምፁ አነስተኛ ስለሆነ ልጁም ሞግዚቷም መነሳቱን ላይሰሙ ይችላሉ። ካሜራ የሌለውን መኪና ብትመርጡ በጥቂት ወጪ ይገጠማል፤ ያም ሆኖ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ልጆቹ ቤት ውስጥ ወይም ወንበራቸው ላይ መሆናቸውን አንድ አዋቂ በዓይኑ ይይ። የኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ያለችው የልጅ መቆለፊያም ትሠራ እንደሆነ ሞክሯት። ወደ ሠፈራችሁ የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ወይም ጉብታ የበዛበት ከሆነ፣ የመኪናው ከፍታ የሚፈተነው አምስታችሁም ተቀምጣችሁ ፖርታባጋሊው ሲሞላ እንጂ ባዶውን አይደለም።

በጻፉት ሁኔታ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። አከራያችሁ ለብቻ ቆጣሪ ወይም ቢያንስ ለብቻ የሚቆጥር መስመር ከፈቀዱላችሁና ከከተማ የምትወጡት አልፎ አልፎ ከሆነ፣ የኋላ መቀመጫው ሰፊ የሆነ ባለ አምስት የኤሌክትሪክ መኪና ምረጡ፤ የፎልክስቫገን አይዲ 4 ስፋት ያለው ይበቃችኋል። ካልፈቀዱ ግን በየጊዜው ቻርጅ ፍለጋ ከልጆች ጋር መንከራተት ስለሚሆን፣ አይሶፊክሱና ኤርባጉ የተረጋገጠ ያገለገለ ራቭ 4 ወይም ሂዩንዳይ ቱሳን ግዙ፤ ከዋጋው ላይም ለሁለት የልጅ ወንበሮች የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድማችሁ ለዩ። ወንበሮቹን ያገለገሉ አትግዙ፤ ግጭት ያየ ወንበር ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ የአገልግሎት ዘመኑም አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ታትሞ ይገኛል።

የትኛውን ሠፈር አካባቢ እንደምትኖሩና የቤቱ ቆጣሪ ነጠላ ፌዝ (በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ይሁን ሦስት ፌዝ (በሦስት መስመር የሚሠራ) ቢጽፉልኝ ስለ ቻርጀሩ የበለጠ ዝርዝር ልሰጥዎት እችላለሁ።