ሲበድሉን ወዴት እንጠጋ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«አማቴ በጎረቤት ፊት ሳይቀር ታዋርደኛለች። ልጸልይ ስቆም ስድቧ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል፤ አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ እንባዬ ይቀድመኛል። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማል?» (ከደሴ)

ይሰማል እህቴ። ሐና ጣውንቷ ፍናና ስታበሽቃት በሴሎ መቅደስ አልቅሳ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ፣ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። እግዚአብሔር ግን ሰማት (1ኛ ሳሙኤል 1)። ብዙ ሰው የሚደክመው ስድቡን ከጆሮው ለማባረር ሲታገል ነው፤ በታገሉት ቁጥር ይብሳል። ይልቅ የተባልሽውን እንዳለ ንገሪው፦ «ጌታዬ፣ ዛሬ ቡና ላይ መካን አለችኝ፤ ሲኒው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።» ከዚያ መዝሙረ ዳዊት 54ን (በአንዳንድ ዕትም 55) ድገሚ። ጠላት ሳይሆን የቅርብ ሰው ያቆሰለው ሰው ጸሎት ነው። ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ልብሽን የነካው ቁጥር ላይ ቁሚና 3 ጊዜ መላልሺው፤ በአቡነ ዘበሰማያት ዝጊ። የመዝሙረ ዳዊትን የሰኞ ድርሻ፣ ከ1 እስከ 30 ያለውን፣ በአንድ ጊዜ ልወጣው ብለሽ አትጀምሪ። ሐዘን ያደከመው ሰው እንዲያ ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

«ደሞዜን በከለከለኝ አሠሪ ላይ ዱዓ ባደርግበት ወንጀል (ኃጢአት) ይሆንብኛል?» (ከባቲ)

አብሽር፣ ልክ ካላለፍክ አይሆንብህም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባቸውን ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ አስጠንቅቀውታል፤ በእርሷና በአላህ መካከል ግርዶ የለምና። ቁርኣንም ለተበደለ ሰው በደሉን እንዲናገር ፈቅዶለታል (4፡148)፤ የክፋት ብድራት ግን አምሳያዋ ብቻ ነው፣ ይቅር ያለ ምንዳው አላህ ዘንድ ነው ይላል (42፡40)። ለ3 ወር ደሞዝ የሰውየውን ልጆች ሞት መለመን ልክ ማለፍ ነው። «ያ አላህ፣ ሐቄን መልስልኝ» በል። በሱጁድ (በስግደት ላይ ሳለህ)፣ በአዛንና በኢቃማ (ሶላቱ ሊጀመር ሲል በሚደረገው ጥሪ) መካከል፣ በሌሊቱም የመጨረሻ ሲሶ አድርገው። ሲሶው እንዲህ ይሰላል፦ መግሪብ (የምሽቱ ሶላት) 12፡30፣ ፈጅር (የንጋቱ ሶላት) 11፡00 ከሆነ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለ3 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሲሶ ከሌሊቱ 7፡30 ይጀምራል። ዱዓውን ይዘህ ግን አቤቱታህን አታዘግይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደሞዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሠራህባቸውን ቀኖች አሁኑኑ ጽፈህ ያዝ።

«ባሌ ይመታኛል። ሽማግሌዎቹ ‹ለአምላክሽ ስጪው› ይሉኛል። ከቤት ብወጣ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?» (ከወልድያ)

በፍጹም። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ቆሞ አልጠበቀም፤ ሸሸ። በእግዚአብሔር ክንፎች ጥላ እጠለላለሁ ብሎ የዘመረውም ከሳኦል ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሳለ ነው። በመካ የተሠቃዩት ሙስሊሞችም በ615 እ.ኤ.አ. ባሕር ተሻግረው እዚሁ ሐበሻ ተጠግተዋል። መሸሽና መታመን አይጣሉም። ለአምላክ መስጠት ማለት ፍርዱን ለእርሱ መተው እንጂ ገላን ለዱላ መስጠት አይደለም።

በተመታሽ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታከሚ፤ እንዴት እንደተጎዳሽ በግልጽ ተናግረሽ አስመዝግቢ። እብጠቱ ሲጠፋ ማስረጃውም ይጠፋልና። መታወቂያሽንና የልጆችሽን የልደት ወረቀት የምታምኚው ሰው ዘንድ አስቀምጪ። አንገትሽን አንቆሽ ከሆነ ወይም መሣሪያ ካለው፣ የሽማግሌ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ውጪ፣ ለፖሊስም አመልክቺ። ወሎ በአበጋሮቹ (በባህላዊ አስታራቂዎቹ) እርቅ የታወቀ አገር ነው፣ ደግሞም ይገባዋል፤ ነገር ግን ዱላው ሳይቆም የሚደረግ እርቅ ተበዳይን መልሶ ለበዳይ ማስረከብ ነው።

«ይቅርታ ያልጠየቀኝን ሰው ይቅር ማለት አለብኝ?» (ከሐይቅ)

ቂሙን መተው በእጅህ ነው፤ መታረቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ማቴዎስ 18 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፦ መጀመሪያ ለብቻው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። አብዛኛው እርቅ የሚፈርሰው ከሁለተኛው ስለሚጀመር ነው፤ በዳይ በሰው ፊት ከሆነ ክብሩን ሊያድን ይክዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻህን፣ በገበያ ቀን ሳይሆን ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሂድ።