መልስ፦ የጄኔቲክስ ቀጠሮው 9 ወር ቢርቅስ?

ልጅሽ ንግግር እንደዘገየበትና የጄኔቲክስ (የዘር ውርስ ሕክምና) ቀጠሮው ከ9 ወር በኋላ እንደሆነ ጽፈሻል። ምርመራውን ለመጀመር ያን ቀጠሮ መጠበቅ የለብሽም። የ2 ዓመት ልጅሽን የሚያየውን የሕፃናት ሐኪም፣ «ክሮሞሶማል ማይክሮአሬይና ፍራጃይል ኤክስ አሁኑኑ ይዘዙልኝ» በዪው። ሁለቱም የደም ምርመራ ናቸው፤ የመጀመሪያው ክሮሞሶም ላይ የጎደለ ወይም የተረፈ ክፍል ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ደግሞ የልጅን እድገት የሚያዘገይ በዘር የሚተላለፍ በሽታን። ራሱ ማዘዝ ይችላል።

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የመንግሥት የጤና መድን) እንዳላችሁም ጽፈሻል። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሕክምና አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ መሸፈን አለበት። እምቢ ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበዪና ይግባኝ በዪ። ለጄኔቲክስ ክሊኒኩም ደውዪ፤ ሰው ሲቀር እንዲጠሩሽ ስምሽን አስመዝግቢ።

የንግግር ሕክምናው ደግሞ የደም ውጤት አይጠብቅም። 3 ዓመት ሳይሞላው ኧርሊ ኢንተርቬንሽን (እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን የሚረዳ የመንግሥት ፕሮግራም) ጋ ራስሽ ደውዪ። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግሽም። ይሄን ዛሬውኑ አድርጊው፣ እባክሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የእኔ ልጅ ውጤት ስልኬ ላይ ሲመጣ «ለውጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን አይታወቅም» ይል ነበር። በሽታው ተገኘ ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። በኋላ እኔና አባቷ ስንመረመር ያው ለውጥ እሱም ላይ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ብቻሽን አታንብቢ። የጄኔቲክ አማካሪ ያስረዳሽ፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ። በነጻ ነው፤ ዘመድ እንዲያስተረጉምልሽ አትለምኚ።