ብሎን ለመፍታት ለተጣደፋችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በመካኒክነት አሳልፌ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት የቆየሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ግቢዬ ውስጥ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ መልሼ በማቆም ነው። ሁለት የሰፈር ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ እየመጡ ያግዙኝ ነበር። ለእነርሱ ደጋግሜ የነገርኳቸውን፣ ጋራዥ ገብታችሁ ሙያ ለመልመድ ለምትነሡ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ አንድ ዕቃ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ ሳታውቁ አትፍቱት፣ አትለውጡት፣ አትጣሉት።

አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ ከመሪው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ዝገት ሲፍቅ፣ በቀኝ በኩል በብሎን የታሰረች መዳፍ የምታህል ላሜራ አገኘና «ጋሼ፣ ይቺ ምንም ሥራ የላትም፤ ልጣላት?» አለኝ። ፈትቶ ከኋላዋ ያለውን እንዲመለከት ነገርኩት። ከኋላዋ የመሪ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረ። መኪናዋ የሲሪስ 2ኤ ሞዴል ሆና እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራች ናት፤ በሀገራችን ደግሞ ተሽከርካሪ በመንገዱ ግራ በኩል መሄዱ ቀርቶ ወደ ቀኝ የተዛወረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ስትመጣ መሪዋ በቀኝ ነበር። በኋላ ወደ ግራ ያዛወረላት ሰው አሮጌውን ቀዳዳ በዚያች ላሜራ ደፈነው። ፋብሪካውም ቢሆን ግድግዳውን በሁለቱም በኩል መሪ እንዲቀበል አድርጎ ነው የሠራው፤ እንዲያውም በመጀመሪያው የሙከራ መኪና ላይ፣ ለሁሉም ሀገር ትስማማ ተብሎ መሪው መሀል ላይ ተደርጎ ነበር። ልጁ ላሜራዋን በጨርቅ ጠርጎ ለብቻዋ አስቀመጣት።

የዚህች መኪና ታሪክ ከችግር የተወለደ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ብረት በኮታ የሚታደል ነበር፤ ለአውሮፕላን ሥራ የዋለው አሉሚኒየም ግን በቀላሉ ይገኝ ነበር። የሮቨር መኪና ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ ከጦሩ የተረፈች ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ስለነበር፣ ከወንድሙ ከስፔንሰር ጋር ሆኖ ለገበሬ የምትሆን መኪና አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበች። ቦዲዋ አሉሚኒየም የሆነው ለውበት ተብሎ አይደለም፤ ጎኖቿ ጠፍጣፋ የሆኑትም ላሜራውን ያለ ውድ ማተሚያ ማጠፍ እንዲቻል ነው። የጣና ታንኳ ሠሪ ሐይቁ የሰጠውን ደንገል እንደሚያስረው፣ እነዚያም ሰዎች በእጃቸው ባለው ሠሩ።

ይህን ያወቀ መካኒክ መዶሻውን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። አሉሚኒየሙ አይዝግምና ብዙ ሰው ቦዲውን አይቶ «ደህና ናት» ይላል፤ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር የሚሸከመው አጽም፣ ግን ከአራት ጠፍጣፋ ብረቶች ተበይዶ እንደ ሳጥን የተሠራ ባዶ ቱቦ ነው። የክረምቱ ዋልካ ውሃ እንዲወጣባቸው የተተዉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲደፍናቸው፣ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተበላ ይመጣል። ስለዚህ ልጆቹን መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ቀለም መቀባት ሳይሆን ማዳመጥ ነው፤ በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያሉ ሲመቱት ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጠራል፣ የተበላው ደግሞ እንደ እርጥብ እንጨት ይታፈናል። ከኋላው ባሌስትራ (ክብደቱን ከሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ማሰሪያ አጠገብ ድምፁ ታፈነ። ከላይ ያለውን ስቱኮና ቀለም ስንፍቀው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። በስቱኮ የሸፈነው ሰው ገዢውን ብቻ ሳይሆን በጭነቱ ላይ የሚቀመጠውንም ሰው ነው የበደለው፤ በዚህ ነገር ዛሬም ልቤ ይቃጠላል። አሉሚኒየምና ብረት በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በመካከላቸው ቀለም ወይም ጎማ አድርጉ፤ በርጥበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል።

ሳልጠይቅ መሥራት ምን እንደሚያስከፍል የተማርኩት በራሴ እጅ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ እንደዚህችው ባለች ላንድሮቨር ላይ ባትሪ እንድገጥም ታዘዝኩ። የማውቃቸው መኪናዎች ሁሉ ማሳቸው (ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ) ኔጌቲቭ ስለነበር ኔጌቲቩን ከሻንሲው ጋር አሰርኩት። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አካባቢ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ግን ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው። ባትሪው የሚሞላበትን ኤሌክትሪክ ከሚቆጣጠረው ሬጉላተር ጭስ ወጣ፣ የውስጡ መገናኛዎችም ቀልጠው ተጣበቁ። የመኪናው ባለቤት አትክልት ወደ ገበያ የሚያመላልሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ መለዋወጫው እስኪገኝ ድረስ ሥራቸው ቆመ፣ እኔንም አንድ ቃል ሳይናገሩኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያ ዝምታቸው እስካሁን አብሮኝ አለ።

ሞዴሎቹን መለየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የፊት መብራቶቿ ከራዲያተሩ ፊት ተጠጋግተው ካሉ ቀደም ያለች ናት፤ ወደ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ወዳለው የጭቃ መከላከያ) የወጡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የእኔዋ ካምቢዮ ሲንክሮ (ማርሽ ሲለወጥ ጥርሶቹን በፍጥነት የሚያስተካክል ዕቃ) ያለው በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ሁለተኛ ሲወርዱ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ በመካከል ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ወደ ፊት በሚያስኬዱት ማርሾች ሁሉ ላይ ሲንክሮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሲሪስ 3 ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ላሜራዋን በአዲስ ጎማ መልሰን አስረን፣ እስከ ጢስ ዓባይ ደርሰን ተመለስን። ግቢ ገብተን ካቆምናት በኋላ፣ ያ ላሜራዋን ሊጥል የነበረው ልጅ ከኋላዋ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከታትና «ወደ ግራ ታጋድላለች» አለ። ኪያቤ አላነሣም። ከሥሯ ገብቶ የቀኙንና የግራውን ባሌስትራ በእጁ እየዳሰሰ አስተያየና፣ «የቀኙ ከፍ ያለ ነው፤ ፋብሪካው የሾፌሩን ክብደት ያሰበው በቀኝ በኩል ስለነበረ ይሆን?» ሲል ከዚያው ከተኛበት ጠየቀኝ።