የሽቦ ጫፍ መላጥና ማዘጋጀት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦን ጫፍ በምን መሣሪያ እንላጥ፣ ከተላጠ በኋላስ እንዴት አዘጋጅተን እንሰር የሚል ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ ተመሳሳዮቹንም አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሙያውን በመማር ላይ ያለሁ ወጣት ነኝ። እስካሁን ሽቦ የምልጠው በካተር ወይም በመቁረጫ ፒንሳ ነው። አለቃዬ መላጫ ፒንሳ እንድገዛ በየጊዜው ይነግሩኛል፤ እኔ ግን በለመድኩት ፈጣን ነኝ፣ የላጥኩትም ንጹሕ ይመስለኛል። የሚያስቸግረኝ ሶኬት ላይ ያሰርኩትን ድፍን ሽቦ አጣጥፌ ወደ ሣጥኑ ስገፋው አንዳንድ ጊዜ ልክ ልባሱ ባለቀበት ቦታ መሰበሩ ነው። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ አለቃዎ ትክክል ናቸው፤ የመሰበሩም ምክንያት የሚገኘው እርስዎ ራስዎ በጠቆሙት ቦታ ላይ ነው። ካተርም ሆነ መቁረጫ ፒንሳ ስለቱ የሚቆምበት ወሰን የለውም፤ ልባሱን ጨርሶ መዳቡ ላይ ሲደርስ የሚያስቆመው የእጅዎ ስሜት ብቻ ነው። መዳብ ደግሞ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ስለት ሲያርፍበት ለእጅ ሳይታወቅ ይጫራል። ጭረቱ በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ ሽቦው በታጠፈ ቁጥር ጫናው በሙሉ እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል። ጤነኛ ሽቦ ጫናውን በርዝመቱ ላይ ስለሚያከፋፍል መታጠፍና መቃናትን ደጋግሞ ሲችል፣ ዙሪያውን የተጫረው ግን ከጥቂት መታጠፍ በኋላ በጭረቱ ላይ ይቆረጣል። በእጅዎ ላይ የተሰበረውን ቢያንስ አይተው ያስተካክሉታል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ በሣጥኑ ውስጥ የቀረውና ከወራት በኋላ መሞቅ ወይም መቆራረጥ የሚጀምረው ነው።

ባለ ብዙ ክር ሽቦ ላይ ጉዳቱ በሌላ መልክ ይመጣል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 30 ያህል ክሮች አሉት። በመላጥ ላይ አምስቱ አብረው ቢቆረጡ ከመዳቡ አንድ ስድስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የምፈራው የተረፉትን ክሮች ነው፤ ግማሾቹ ተጭረው ስለሚቀሩ መሣሪያው በተንቀጠቀጠ ወይም ገመዱ በተጎተተ ቁጥር አንድ በአንድ እየተበጠሱ ይሄዳሉ። ከዚህም ሌላ ተቆርጦ የተንጠለጠለ አንድ ክር ወደ ጎረቤቱ ቴርሚናል (ሽቦ የሚታሰርበት ነጥብ) ደርሶ አጭር ዙር ሊፈጥር ይችላል።

ስለዚህ መላጫ ፒንሳ የሚገዛው ለፍጥነት ሳይሆን ለስለቱ ወሰን ሲባል ነው። ለጀማሪ የምመክረው በየውፍረቱ የተለያዩ ቀዳዳዎች ያሉትን ተራ መላጫ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ግማሽ ክብ ስለቶች ሲገጥሙ የሚፈጠር ሲሆን፣ ስለቶቹ ልባሱን ዙሪያውን ቆርጠው ለመዳቡ ቦታ ይተዉለታል። በብሎን የሚስተካከለው ባለ አንድ ቀዳዳ መላጫም ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የሽቦው ውፍረት በተለወጠ ቁጥር እንደገና ማስተካከል ግድ ይላል። ማስተካከሉም ከሰፊው ተነሥቶ በቁራጭ ሽቦ ላይ እየሞከሩ ቀስ በቀስ ማጥበብ እንጂ ከጠባቡ ተነሥቶ ማስፋት መሆን የለበትም።

አያያዙም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሽቦውን በትክክለኛው ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ አድርገው ያስገቡ፣ ፒንሳውን እስከ መጨረሻው ይግጠሙ፣ ከዚያም ከሽቦው ጋር አንድ መስመር ይዘው ይሳቡ። ፒንሳውን አጋድሎ መሳብ ቀዳዳው ትክክል ቢሆንም እንኳ የስለቱ አንድ ጠርዝ መዳቡን እንዲፍቅ ያደርጋል፤ በጥሩ መሣሪያ የሚፈጸም ብልሽት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ሲሆን የተቆረጠውን ልባስ ጨርሰው አያውጡት፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሲቀር በዚያው ልባስ ክሮቹን ወደ ተፈጥሯዊ አጠማዘዛቸው በቀስታ ሰብሰብ አድርገው ያውጡት። እንዲህ ሲሆን ክሮቹ ሳይበተኑ፣ የጣት ላብና ቅባትም ሳይነካቸው ይወጣሉ።

ሥራዎ ደህና መሆኑን ለማወቅ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ከልባሱ ጠርዝ ተነሥተው በተላጠው መዳብ ላይ ወደ ጫፉ ያንሸራቱት። ጥፍርዎ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ጭረት አለ ማለት ነውና ቆርጠው እንደገና ይላጡ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት መላጫ ላይ 10፣ 12፣ 14፣ 16 እያሉ የሚሄዱ ቁጥሮች አሉ፤ እኔ የምሠራባቸው ሽቦዎች ግን 1.5 እና 2.5 የሚባሉ ናቸው። የትኛው ለየትኛው ነው? ራሱ የሚያስተካክል አውቶማቲክ መላጫ ብገዛስ ከዚህ ጣጣ እገላገላለሁ?

መልስ፦ በመላጫዎ ላይ ያለው የአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ነው፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ሽቦ የመዳቡ ዲያሜትር 1.38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ16 ቁጥር ሽቦ 1.29፣ የ14 ቁጥር ደግሞ 1.63 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የእርስዎ ሽቦ በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚያስገቡት በ14 ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩም 1.78 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ14 ቢላጥ ይፋቃል፤ 2.05 ሚሊ ሜትር በሆነው በ12 ይላጡት። በሁለት ቀዳዳዎች መካከል የወደቀ ሽቦ ሁልጊዜ የሚላጠው በሰፊው ነው። ልባሱ ጥቂት ሳይቆረጥ ቢቀር ሲሳብ ይበጠሳል፤ ጠርዙ ትንሽ ቢቦጫጨቅም ከተጫረ መዳብ ይሻላል። አንዳንድ መላጫዎች ለድፍንና ለባለ ብዙ ክር የተለያየ ቁጥር በግራና በቀኝ ስለሚጽፉ ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱንም ጎን ይመልከቱ። በዘላቂነት ግን በካሬ ሚሊ ሜትር የተጻፈበትን መላጫ ብታገኙ ግምቱ ይቀርልዎታል።

አውቶማቲኩ ልባሱን በአንድ መንጋጋ ይይዛል፣ በሌላው ይቆርጣል፣ በዚያው ጭብጥም ይስባል። ብዙ ተመሳሳይ ሽቦ ለሚልጥ፣ ለምሳሌ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ለሚያገጣጥም ሰው እጅግ ያማረ መሣሪያ ነው፤ የሚላጠውን ርዝመት የሚወስን ማቆሚያም ስላለው ጫፎቹ ሁሉ እኩል ይወጣሉ። ይሁን እንጂ የተሠራው በዋነኛነት ለተለመደው የፒቪሲ ልባስ ነው። ሲሊኮን ለስላሳ በመሆኑ በመንጋጋው ሥር ይለጠጥና ሳይቆረጥ ያመልጣል፤ ቴፍሎን ደግሞ አንሸራታችና ጠንካራ ስለሆነ ተራው መንጋጋ አይዘውም። ለእነዚህ የየራሳቸው ስለት ወይም ልዩ መላጫ ያስፈልጋቸዋል። በጣም በቀዘቀዘ ቦታም ፒቪሲ ስለሚደርቅ ሲላጥ ይሰነጠቃል፤ ከመላጥ በፊት ገመዱን ማሞቅ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጠባብ ቦታ ላይ ስሠራ ልባሱን በክብሪት ወይም በላይተር አቃጥዬ አወጣዋለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ እባክዎን ያቁሙ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ለመተንፈሻ አካል ጎጂ ከመሆኑም በላይ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ መዳቡን ይበላል። መዳቡ ይጠቁራል፣ የቀረው ልባስም ከውስጥ ቀልጦ ይሳሳል። በጥርስ መላጥም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ የተላጠውን ባለ ብዙ ክር ጫፍ በካውያ ሊድ አቅልጬበት ከዚያ በብሎን አስረዋለሁ፤ ክሮቹ አይበተኑም፣ ሲታይም ያምራል። አንድ ባልደረባዬ ግን ይህ ስሕተት ነው፣ ፌሩል መጠቀም አለብህ አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው፤ ጉዳዩም የምርጫ ብቻ አይደለም። ሊድ በብሎን ጫና ሥር ሆኖ ሲቆይ፣ ሙቀት ባይኖርም እንኳ፣ በጣም በዝግታ እየፈሰሰ ቅርጹን ይለውጣል። ዛሬ ጥብቅ አድርገው ያሰሩት ብሎን ማንም ሳይነካው ይላላል። የላላ መገናኛ የመገናኛውን ተቃውሞ ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሙቀትን ይወልዳል፣ ሙቀቱም ሊዱን ይበልጥ ያለሰልሰዋል፣ መገናኛውም የባሰ ይላላል። የቀለጡ ሶኬቶችን የፈታ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። በዚህ ላይ ቀልጦ የገባው ሊድ በክሮቹ መካከል ወደ ልባሱ ሥር ስለሚሳብ፣ ሊዱ ባለቀበትና ተጣጣፊው ክፍል በሚጀምርበት ቦታ ገመዱ ሲንቀሳቀስ ይሰበራል። ሊድ ቦታው የተበየደ መገናኛ ነው፤ በብሎን ወይም በስፕሪንግ በሚጨመቅ ቴርሚናል ውስጥ ግን ሥፍራ የለውም።

ፌሩል ቀጭን የመዳብ ቱቦ ሲሆን ውጩ በቆርቆሮ የተለበጠ ነው፤ አብዛኛው የልባሱን ጫፍ የሚቀበል የፕላስቲክ አንገት አለው። ክሮቹን በአንድነት ይዞ የብሎኑን ጫና ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ለመደበኛ ሥራ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲጠቀሙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጡ፤ ልባሱ በፕላስቲኩ አንገት ውስጥ ይገባል፣ ክሮቹም ከቱቦው ጫፍ ጋር እኩል ይሆናሉ ወይም ለጥቂት ወጣ ይላሉ። ክሮቹን ጠበቅ አድርጎ ማጠምዘዝ አያስፈልግም። ቱቦው በነጻነት ቢገባ እንኳ ከሽቦው የሚሰፋ ፌሩል አይምረጡ፤ የላላ ፌሩል ተጨምቆም ላላ ነው። የጀርመኑ የደረጃ ሥርዓት ለ1.5 ጥቁር፣ ለ2.5 ሰማያዊ፣ ለ4 ግራጫ፣ ለ6 ቢጫ ቀለም ሰጥቷል፤ ሆኖም በሌላ የቀለም ሥርዓት የሚሠሩ አምራቾች ስላሉ ከቀለሙ ይልቅ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመኑ።

መጨመቂያውን በተመለከተ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ፌሩል በተራ ፒንሳ ሲጨመቅ ጠፍጣፋ ይሆንና ክሮቹ በውስጡ ይላላሉ። ለዚህ የተሠራው መጨመቂያ ፒንሳ ቱቦውን በአራት ወይም በስድስት ጎን እኩል ይጨምቀዋል፤ ጥሩዎቹም ጭብጡ እስከ መጨረሻው ካልተዘጋ መልሶ የማይከፈት ማገጃ አላቸው። ማገጃው የሚያሰለች ቢመስልም የደከመ እጅ ግማሽ ድረስ ጨምቆ እንዳይተው የሚከላከለው እሱ ነው። ጨምቀው ሲጨርሱ ሽቦውን በአንድ እጅ፣ ፌሩሉን በሌላው ይዘው አጥብቀው ይሳቡት፤ ከተንሸራተተ ቆርጠው ይጣሉት እንጂ ደግመው አይጨምቁት። ድፍን ሽቦ ፌሩል አያስፈልገውም።

ቀለበት ወይም ሹካ ቅርጽ ያላቸው ባለ ልባስ ካፖኮርዳዎች (በሽቦ ጫፍ ላይ ተጨምቀው የሚታሰሩ ማያያዣዎች) ሲሆኑ ደግሞ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይይዛሉ፤ መጨመቂያቸውም ከፌሩሉ የተለየ ስለሆነ አንዱን ለሌላው አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ወፍራም ክብ ኬብል ላይ የውጭውን ሽፋን ሳወጣ የውስጡን ሽቦዎች ልባስ እቆርጣለሁ። መላ አለው?

መልስ፦ ለዚህ የተሠራ ቢላ አለ፤ ኬብሉን በስፕሪንግ መንጠቆ አቅፎ ይይዛል፣ ትንሿ ስለትም በጭብጡ ጫፍ ባለ ብሎን ጥልቀቷ ይስተካከላል። ጥልቀቷን ከሽፋኑ ውፍረት በጥቂቱ ያሳንሱት። ቢላውን አንድ ዙር ያዙሩ፣ ከዚያም በርዝመቱ ወደ ጫፉ ይሳቡት፤ አሁን ኬብሉን በተቆረጠው መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ቢያጥፉት ሳይቆረጥ የቀረው ስስ ክፍል ራሱ ይሰነጠቃል። ስለቱ የውስጡን ሽቦ ፈጽሞ ሳይነካ ሽፋኑ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጥልቀቷን በየኬብሉ ዓይነት መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ይፈትሹ፤ የሽፋኑ ውፍረት ከአምራች አምራች ይለያያልና። ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ይህ ቢላ አይመችም፤ እዚያ ላይ በመሐል፣ የመሬት ሽቦው ባለበት መስመር በርዝመቱ መሰንጠቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የመላጫዬ ጭብጥ ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ኃይል ሳላጠፋ ብሠራበት ይከላከልልኛል?

መልስ፦ ወፍራም ፕላስቲክ ለእጅ ምቾት የተደረገ ሊሆን ይችላል። የመከላከያ ጭብጥ ያለው መሣሪያ የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60900 ደረጃ መሠረትም በ10,000 ቮልት ተፈትኖ የወጣ ነው። ይህም ቢሆን የተሰጠው ለድንገተኛ አደጋ መጠባበቂያ እንጂ ተራ ሰው ኃይል ባለበት ሽቦ ላይ እንዲልጥ አይደለም፤ መንጋጋው ብረት ነው፣ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ከነካም አጭር ዙር ይፈጥራል። ኃይሉን ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ይቆልፉት፣ ቴስተርዎን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ቦታ ይሞክሩ፣ ከዚያ የሚሠሩበትን ሽቦ ይለኩ፣ በመጨረሻም ቴስተሩን እዚያው በሚያውቁት ቦታ ደግመው ይሞክሩ። ጭብጡ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ መሣሪያን በናስትሮ ጠቅልለው መከላከያ ነው ብለው አይመኑ።

ጥያቄ፦ የመላጫዬ ስለት መደንዘዙን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ልባሱ በጠርዙ ላይ ክር ክር እያለ ከወጣ፣ ወይም ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ከጨመረ ስለቱ ደንዝዟል። ቶሎ የሚያደነዝዘው በመላጫው ብረት ሽቦ ወይም ምስማር መቁረጥ ነው። የተራ መላጫን ግማሽ ክብ ስለት መልሶ መሳል ቀዳዳውን ስለሚያሰፋውና መጠኑን ስለሚያጠፋው፣ ስለቱ የሚቀየርለት ዓይነት ካልሆነ መሣሪያውን ይለውጡት።