የሬቲና ህዋስ ንቅለ ተከላ፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በዕድሜ ምክንያት ሬቲናዋ ተጎድቷል ተባለች። ሰው የዓይን ብሌን ይለግስ የለ እንዴ? ለእሷ አይተከልላትም?

መልስ፦ እሱ ኮርኒያ ነው ወንድሜ፤ ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን። ሬቲና ከኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው፣ በነርቭ ከአንጎል ጋር የተሳሰረ። እንዳለ አውጥቶ መቀየር አይቻልም። የሚሞከረው ህዋሶቹን ብቻ መትከል ነው።

ጥያቄ፦ የትኞቹን ህዋሶች? ሠርቶስ ያውቃል?

መልስ፦ በብዛት የተሞከረው ከሬቲና ሥር ያለው ባለ ቀለም ሽፋን ነው። ብርሃን ተቀባዮቹን የሬቲና ህዋሶች ይመግባል፣ ቆሻሻቸውን ይጠርጋል። እሱ ሲሞት እነሱም ይከተሉታል።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን፣ ኮቤ ውስጥ የማሳዮ ታካሃሺ ቡድን ከአንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ ካሉ እናት የቆዳ ህዋስ ወሰደ። ወደ ግንደ ህዋስ፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ህዋስ ሆኖ ማደግ ወደሚችል ህዋስ መለሰው፣ ከዚያ ሽፋኑን አሳድጎ ተከለላቸው። ከዓመት በኋላ እይታቸው አልተሻሻለም፤ አልባሰምም። ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጀው ህዋስ ላይ ግን የዘረ መል ለውጥ ታየና ተከላው ቀረ። እኔ በግሌ ከተከላው ይልቅ ይሄን መተዋቸውን አደንቃለሁ።

ለንደን ላይ ደግሞ ከሽል ግንደ ህዋስ የተሠራ ሽፋን ለሁለት ሰዎች ተተከለ። በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት በዓመት ውስጥ አንዱ 29፣ ሌላው 21 ተጨማሪ ፊደላት ከምርመራ ሰሌዳው ላይ አንብበዋል። ደስ ይላል! ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ከሆድ ስብ ህዋስ ወስዶ ዓይን ውስጥ የሚወጋ ክሊኒክ አግኝቻለሁ። ልሞክረው?

መልስ፦ በፍጹም! ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ይህንኑ ተወግተው እይታቸውን ክፉኛ አጥተዋል፤ ጉዳዩ በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ደም ፈሰሰ፣ ሬቲናቸው ተላቀቀ። ከሁሉ የሚያስቆጨው ሁለቱም ዓይን በአንድ ጊዜ መወጋቱ ነው። ደህና ጥናት አንዱን ዓይን ያስቀራል። «ምርምር ነው» እያለ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ የእህቴ ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ የሚባለው በዘር የሚመጣ የሬቲና በሽታ ነው። ለእሷስ?

መልስ፦ ይከብዳል። እዚያ የሚሞቱት ራሳቸው ብርሃን ተቀባዮቹ ናቸው። አዲሶቹ መኖር ብቻ አይበቃቸውም፣ ከነርቩ ጋር መግጠም አለባቸው። የዘረ መል ምርመራ ታድርግ። አርፒኢ65 የሚባለው ዘረ መል ላይ ችግር ከተገኘ፣ አሜሪካ በ2017 መጨረሻ የፈቀደችው የዘረ መል ሕክምና አለ። በሕይወት የቀሩ ህዋሶች ካሏት ነው ታዲያ።

ጥያቄ፦ እናቴ እስከዚያው ምን ታድርግ?

መልስ፦ ከሬቲናዋ ሥር አዲስ ደም ስር በቅሎ የሚያፈስበት ዓይነት ከሆነ፣ የዓይን ውስጥ መርፌ አለ። ቀጠሮዋን አታሳልፍ። ቀጥ ያለው መስመር ድንገት ተጣሞ ከታያት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ።