«አባዬ ስሜን ረስቷል፤ አሁንም እሱ ነው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ የወጡት መምህር አባትሽ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗል። አሁን ስምሽ ጠፍቶባቸዋል፤ አንዳንዴ በሟች እህታቸው ስም ይጠሩሻል። ወንድምሽ ደግሞ «አባታችን ከሄደ ቆየ፣ እዚያ ያለው ሌላ ሰው ነው» ብሎ መምጣት አቁሟል። ተናደሽበታል፤ ማታ ግን «እውነቱን ቢሆንስ?» እያልሽ ታለቅሻለሽ።

ጥያቄው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን የሰውን ማንነት ያለፈውን ከማስታወሱ ጋር አስሮት ነበር። በዚህ ከሄድን ወንድምሽ ልክ ሊመስል ነው። እኔ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒና ስትሮሚንገርና ሾን ኒኮልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ያለባቸውን ቤተሰቦች ጠይቀው ነበር። ሰውዬው «ሌላ ሰው ሆነብን» የሚያሰኘው በዋናነት መርሳቱ ሆኖ አልተገኘም። ደግነቱ፣ ሐቀኝነቱ፣ ለሰው ያለው አክብሮት ሲለወጥ ነው።

እስቲ የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ እዪው። «እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ወጡ ጉልበቱ ላይ እየፈሰሰ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሳይሰጥ አይበላም» ብለሻል። ስምሽን የማያውቁ ሰው ከራሳቸው በፊት አንቺን ያጎርሳሉ! በሽታው ቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የምንይዝበትን የአንጎል ክፍል ነው፤ እጅ ለዘመናት የለመደው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ለእኔ እኚህ አባትሽ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በአንድ መስመር ብቻ አልፈሽዋል። አባትሽ ወንድምሽን ጎረቤት ፊት «ሌባ! ብሬን ወሰድክ» ብለው ጮኸውበታል። እኔ እዚህ ጋ ቆምኩ። ያስቀመጡትን ረስተው ተሰረቅኩ ማለት የዚህ በሽታ የታወቀ ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጠረጠረው ቅርብ ያለው ሰው ነው። አንቺ ያጣሽው ትዝታቸውን ነው። እሱ ያጣው ያመኑት የነበሩትን አባት ነው፣ እና ይሄ ጨካኝ አያሰኘውም፣ ቆስሏል እንጂ።

ደውዪለት። «አባትህ እኮ ነው» አትበዪው፣ እሱማ ያውቃል። «የዚያን ቀን የተባልከው ከብዶህ ነበር አይደል?» በዪውና ዝም ብለሽ ስሚው። ከመጣ «አባዬ፣ እኔ ማነኝ?» እያለ እንዳይፈትናቸው፤ ስሙን ራሱ ይንገራቸው። ብር ጠፋ ካሉም አይከራከር፣ አብሯቸው ይፈልግ። በነገራችን ላይ፣ ጠባያቸው በቀናት ውስጥ ድንገት ከተባባሰ ቶሎ ሐኪም ይያቸው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ አረጋውያንን ግራ ያጋባል።

በምሳ ሰዓት ይምጣ፣ እጁን ታጥቦ አጠገባቸው ይቀመጥ። ያጎርሱት ይሆናል፣ ላያጎርሱትም ይችላሉ። ይሄንን አስቀድመሽ ንገሪው።